ሁለት ምስክሮች እና አንድ ብርቱካን

ባለፈው የካቲት፣ አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ አሜሪካ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው ቤታችን ሳሎን ተቀምጬ ሳለ፣ ክንዴ ላይ የተለጠፈው ሴንሰርና ከጣቴ የወጣው የደም ጠብታ ስለ ስኳሬ መጠን አንድ ዓይነት ነገር ነገሩኝ። ሁለቱም ተሳስተው ነበር። መሣሪያ መበላሸቱ አይገርመኝም፤ ከዓይነት 1 የስኳር ሕመም ጋር አሥራ አንድ ዓመት፣ ከሴንሰር ጋር ደግሞ አራት ዓመት ኖሬአለሁና የተበላሸ ሴንሰር ከአንድም ሁለት ሦስት ጊዜ ገጥሞኛል። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ሁለቱ መሣሪያዎች እየተስማሙ መሳሳታቸውና፣ መስማማታቸውን ባየሁ ጊዜ እኔ መጠየቅ ማቆሜ ነው።

በዚያ ሳምንት ጉንፋን ይዞኝ ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ውሃ ውስጥ ሲጨመር የሚፈላውን ባለ 1000 ሚሊግራም የቫይታሚን ሲ እንክብል ሰጥቶኝ፣ ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ስጠጣ ሰነበትኩ። ቅዳሜ ማታ አሮጌው ሴንሰር ጊዜው ስላለቀ አዲስ ለጠፍኩ። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ለምሳ ፍርፍር በላን፤ ሰባት ሰዓት ላይ ለምሳው የሚሆነኝን ስድስት ዩኒት ኢንሱሊን ወጋሁ። እስከዚህ ድረስ ከሌላው እሁድ የተለየ ነገር አልነበረውም።

ስምንት ሰዓት ከሩብ ሲሆን የሴንሰሩ ቁጥር የሚታይበት ስልኬ ጮኸ፤ 243 ይላል፣ ከፍ ያለ ቁጥር ነው፤ ስኳሩ ወዴት እንደሚሄድ የሚያሳየው ቀስትም ወደ ላይ ነው። እናቴ ከደብረ ብርሃን መጥታ ለሦስት ወር እኛ ጋር ነበረችና፣ እሷና ሁለቱ ልጆቼ ብርቱካን እንድልጥላቸው እየጠበቁ ነበር። በዚህ ቁጥር ለራሴ አንድም ቁራጭ እንደማልቀምስ ወሰንኩና ለእነሱ ብቻ ላጥኩ። ልብ በሉ፤ ብርቱካኑ እጄ ላይ ቀረ እንጂ ሆዴ አልገባም። ከዚያም ጠንቃቃ ሰው ነኝና በሴንሰሩ ቁጥር ብቻ ላለመወሰን የጣት መለኪያዬን አመጣሁ፤ ጣቴን በአልኮል ጠርጌ፣ እስኪደርቅ ጠብቄ ወጋሁት። 236 አለ።

ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባላል። አንዱ 243፣ ሌላው 236 ካለ ምን ቀረ? ስኳሬን ለማውረድ ሦስት ዩኒት ማስተካከያ ኢንሱሊን ወጋሁ። ለምሳ የተወጋው ኢንሱሊን ገና ሥራውን ሳይጨርስ ሌላ መደረብ እንደማይገባ ሐኪሜ ደጋግማ ነግራኛለች፤ ቢያንስ ሁለት ሰዓት መጠበቅ ነበረብኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እንደ እኔ ላለው ነው። ነገር ግን በዚያን ሰዓት የተቻኮልኩ አልመሰለኝም፤ እንዲያውም ሁለት ጊዜ ያረጋገጥኩ መስሎኝ ነበር።

## ስልኩ አልከፈት ያለ ጊዜ

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አካባቢ ላብ ያጠምቀኝ ጀመር። ጉንፋኑ ነው አልኩ። ከንፈሬ ሲደነዝዝና ልጄ ያቀበለኝን እርሳስ መያዝ ሲያቅተኝ ግን ነገሩ ሌላ እንደሆነ ገባኝ፤ ስኳሬ ሲወርድ የሚሰማኝ ይኸው ነውና። ስልኩን አየሁት፤ 141፣ ቀስቱ ወደ ጎን፣ መደቡ አረንጓዴ። የመውረድ ማንቂያው አልጮኸም፤ ለምን ይጮሃል? 141 ማንም ሐኪም የሚያመሰግነው ቁጥር ነው።

«ፊትህ ምን ሆኗል? አመድ መሰለ እኮ» አለች እናቴ።

«ምንም አይደለም እማዬ፣ ጉንፋኑ ነው፤ ማሽኑ ደህና ነህ ይለኛል።»

«ማሽኑን ተወውና አንተ እንዴት ነህ?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ አልሰጠኋትም። በድጋሚ ጣቴን በአልኮል ጠርጌ ወጋሁት፤ 149። ሁለቱ ምስክሮቼ እንደገና ተስማሙ። እጄ እየተንቀጠቀጠ፣ ጉንፋን እንዲህ ያደርጋል ወይ ብዬ ራሴን እየጠየቅሁ፣ ባለፉት ሁለት ሰዓታት ቁጥሩ እንዴት እንደወረደ በግራፉ ላይ ለማየት መተግበሪያውን ልከፍት ፈለግሁ። የስልኩ ማያ ጠፍቶ ስለነበር አውራ ጣቴን አስቀመጥኩበት፤ አልከፈተም። ደግሜ አስቀመጥኩ፤ አልከፈተም። በሦስተኛው ጣቴን ሳነሳ ቆዳዬ ከመስታወቱ ጋር ለአፍታ ተጣብቆ ቀስ ብሎ ሲላቀቅ ተሰማኝ። በማያው ላይ የቀረውን ቢጫ ቢጫ የሚል አሻራ አየሁ፤ ከአውራ ጣቴ ጥፍር ሥር ደግሞ ቀጭን የብርቱካን ልጣጭ ተሰንቅሯል።

ወደ ኩሽና የሄድኩት ግድግዳውን እየተደገፍኩ ነው። እጄን በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥቤ፣ በወረቀት አድርቄ፣ ከዚያው ከማጠቢያው አጠገብ ቆሜ ሌላውን ጣቴን ወጋሁ። መለኪያው አምስት ሰከንድ ይቆጥራል፤ አምስት፣ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ። 54።

በ149 እና በ54 መካከል ያለፈው ጊዜ ቢበዛ ሦስት ደቂቃ ነው። የአንድ ሰው ስኳር በሦስት ደቂቃ ውስጥ ያን ያህል አይወርድም። ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ጠጣሁ፤ 15 ግራም ያህል ስኳር፣ ከዚያ 15 ደቂቃ መጠበቅ። ጭማቂው የብርቱካን መሆኑን ያስተዋልኩት ብርጭቆውን ሳስቀምጥ ነው። እናቴ በዚያ መካከል ስኳር የበዛበት ሻይ አፍልታ አመጣችልኝ፤ እሱንም እምቢ አላልኩም። በአሥራ አምስተኛው ደቂቃ ንጹሕ ጣቴ 83 ሲል፣ ክንዴ ላይ ያለው ሴንሰር 146 እያለ በአረንጓዴ መደብ ያበራ ነበር።

## ምስክሮቹ የት አብረው አደሩ?

አባቴ በሰፈራችን ለሽምግልና ከሚጠሩት አንዱ ነበር። ሁለት ምስክር ከተስማማ ነገር ጸና ብሎ ያደገ ሰው ቢሆንም፣ የምስክሮቹ ቃል ከልኩ በላይ ሲገጥምበት ደስ አይለውም ነበር፤ «እናንተ የት ነው አብራችሁ ያደራችሁት?» ይላቸው ነበር። በዚያ ምሽት፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ይህን ጥያቄ ለሁለቱ መሣሪያዎቼ አቀረብኩላቸው።

የጣት መለኪያው ስሕተት ወዲያው ተገልጦልኛል፤ ስትሪፑ፣ ማለትም የደም ጠብታው የሚነካው የመለኪያው ቁራጭ፣ የለካው ደሜን ብቻ ሳይሆን ቆዳዬ ላይ የደረቀውን የብርቱካን ስኳርም ነው። ያልገባኝ አልኮሉ ነበር። በሆስፒታል ነርሷ በአልኮል ጠርጋ ትወጋለች፣ እኔም አሥራ አንድ ዓመት ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ለካስ አልኮል ጀርም ይገድላል እንጂ ስኳርን እንደ ውሃ አያሟሟም። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ዲያቤቲስ ኬር በተባለው መጽሔት ባወጡት አጭር ጥናት ጤነኛ ሰዎች ብርቱካን፣ ወይንና ኪዊ ልጠው ሳይታጠቡ ጣታቸውን ሲለኩ ውጤቱ እጅግ ከፍ ብሎ መገኘቱን፣ በአልኮል ደጋግሞ መጥረግም እንዳላዳነ፣ በውሃ መታጠብ ግን እንዳስተካከለው ጽፈዋል። ውሃ በሌለበት ቦታ ደግሞ የመጀመሪያውን የደም ጠብታ ጠርጎ ሁለተኛውን መለካት የተሻለ ነው ይባላል። ይህን ሁሉ ያነበብኩት ከሆነ በኋላ ነው። «እጅዎን ይታጠቡ» የሚለው ዓረፍተ ነገር በመለኪያዬ መመሪያ የመጀመሪያ ገጽ ላይ እንዳለ ግን መጀመሪያም አውቅ ነበር፤ ለጨዋነት የተጻፈ ነበር የሚመስለኝ።

የሴንሰሩ ስሕተት ረዘም ያለ ነገር ነው። መጀመሪያ ነገር፣ ሴንሰሩ ደምን አይነካም። ከቆዳ ሥር የምትገባው ቀጭን ክር ከግማሽ ሴንቲሜትር ብዙም አትበልጥም፤ የምትቀመጠውም በሕዋሳት መካከል ባለው ፈሳሽ ውስጥ ነው። ስኳር ከደም ወደዚያ ፈሳሽ እስኪደርስ ጥቂት ደቂቃዎች ይወስዳል፤ ስለዚህ ስኳር በፍጥነት ሲወጣና ሲወርድ ሴንሰሩ ሁልጊዜ ከኋላ ነው። በክሯ ላይ ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የሚባል ኤንዛይም አለ። ኤንዛይሙ ግሉኮሱን ሲያገኝ ከእሱ የሚወጡት ኤሌክትሮኖች እጅግ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይሆናሉ፤ መሣሪያው ፍሰቱን ይለካና ወደ ቁጥር ይቀይረዋል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ሌላንድ ክላርክና ቻምፕ ላየንስ ኤንዛይምን ከኤሌክትሮድ ጋር አጣምሮ ግሉኮስን መለካት እንደሚቻል የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1962 ነው።

እንግዲህ ቫይታሚን ሲ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ቫይታሚን ሲ ኤሌክትሮን በቀላሉ የሚሰጥ ነገር ነው። ኤሌክትሮዱ ደግሞ የሚቀበለው ኤሌክትሮን ከማን እንደመጣ አይጠይቅም። የአዲስ አበባ ታክሲ ረዳት ተሳፋሪውን ቀና ብሎ ሳያይ እጁ ላይ በገባው ብር ብቻ የሰዉን ብዛት ይገምታል እንበል፤ አንዱ ዝርዝር ፈልጎ ብር ቢያቀብለው ያንንም እንደ ተሳፋሪ ይቆጥረዋል። የእኔ ዓይነቱ ሴንሰር መመሪያ በቀን ከ500 ሚሊግራም በላይ ቫይታሚን ሲ መውሰድ ቁጥሩን በሐሰት ከፍ ሊያደርገው እንደሚችል በግልጽ ጽፏል። እኔ በቀን 2000 እወስድ ነበር። ሌሎች ሴንሰሮች የየራሳቸው ጠላት አላቸው፤ ለአንዳንዶቹ አሲታሚኖፌን፣ ማለትም እኛ ፓራሲታሞል የምንለው፣ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ እንዲሁ ያደርጋል።

ስለዚህ የአባቴ ጥያቄ መልስ አገኘ። ሁለቱ ምስክሮች ያደሩት ጉንፋኔ ቤት ነው። ጉንፋኑ እንክብሉን አስዋጠኝ፣ እንክብሉ ሴንሰሩን አሳተው፤ እናቴም ለጉንፋን ይበጃል ብላ የገዛችው ብርቱካን ጣቴን አሳተው። እኔ ሁለት ብዬ የቆጠርኳቸው አንድ ነበሩ ማለት ይቻላል።

ይህ ማብራሪያ ደስ አሰኝቶኝ ነበር፤ ለሰውም ሳወራው ያምራል። ችግሩ ሙሉ በሙሉ እውነት አለመሆኑ ነው።

## የሦስት ቀን ደብተር

እንክብሉን እሁድ ማታ አቆምኩ። ሴንሰሩን ወዲያው ነቅዬ መጣል እችል ነበር፤ ነገር ግን ስሕተቱ የእንክብሉ ከሆነ ሴንሰሩ ንጹሕ ነው፣ ያለ ጥፋቱ መጣል የለበትም ብዬ ክንዴ ላይ ተውኩት። (ባለቤቴ ይህን ግትርነት ነው ያለችው፤ አልተከራከርኩም።) ለሦስት ቀን ኢንሱሊን የምወስነው በታጠበ ጣት ብቻ ሆነ፤ የሴንሰሩን ቁጥር ደግሞ ከጎኑ በልጄ የሒሳብ ደብተር ላይ እጽፍ ጀመር። ስኳር በሚሮጥበት ሰዓት ሁለቱን ማወዳደር ፍትሐዊ ስላልሆነ፣ ቀስቱ ወደ ጎን በሚሆንበት ጊዜ ብቻ፣ ከምግብ በፊት ወይም ከበላሁ ከሦስት ሰዓት በኋላ ለካሁ።

ሰኞ ጠዋት ጣቴ 112፣ ሴንሰሩ 171። ሰኞ ከሰዓት 158 እና 224። ማክሰኞ ጠዋት 121 እና 166። ረቡዕ ጠዋት 104 እና 147። ልዩነቱ ከስልሳዎቹ ወደ አርባዎቹ ወርዷል፤ ስለዚህ እንክብሉ የራሱ ድርሻ ሳይኖረው አልቀረም። የመጀመሪያው ቀንም የራሱ ድርሻ ይኖረዋል፤ ሴንሰር በገባበት ቀን ሥጋው ገና ቁስሉን እያከመ ስለሆነ ቁጥሩ ሊዋዥቅ ይችላል። ይሁን እንጂ እንክብሉ ከቆመ፣ የመጀመሪያው ቀንም ካለፈ በኋላ 104ን 147 የሚል ሴንሰር ከአርባ በመቶ በላይ እየሳተ ነው። በተለምዶ የሚታገሡት ከመቶ በላይ ላለው ቁጥር ሃያ በመቶ፣ ከመቶ በታች ላለው ደግሞ ሃያ ነጥብ ነው። ያማረው ማብራሪያዬ ከፊሉን ገለጠ እንጂ ሴንሰሩ ራሱም የታመመ ነበር።

በዚያ ደብተር ፊት ለፊት ተቀምጬ ስለ ራሴ ያስተዋልኩት ነገር አለ። እሁድ ከሰዓት የተሳሳትኩት ሁለት ቁጥር ሲገጥም ፍለጋውን በማቆሜ ነው። እሁድ ማታ ደግሞ አንድ የሚያምር ምክንያት ሳገኝ እንዲሁ ላቆም ነበር። የሚገጥም ነገር ሳገኝ እፎይ እላለሁ፤ እፎይታውንም እንደ ማስረጃ እቆጥረዋለሁ። ደብተሩን ባልጀምር ኖሮ ቫይታሚን ሲን አውግዤ፣ ያን ሴንሰር አምኜ ለቀሩት ቀናት በሐሰተኛ ከፍታ ላይ ኢንሱሊን እየወጋሁ እቀጥል ነበር። ቢያንስ አንዱ ሌሊት ላይ ይሆናል፤ ሌሊት ደግሞ «ፊትህ አመድ መሰለ» የሚል ሰው የለም።

ይህ መዘናጋት የእኔ ብቻ አይመስለኝም፤ መሣሪያው ራሱ ወደዚያ ያዘነብላል። እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው ተከታታይ የስኳር መለኪያ ሲፈቀድ ታካሚው ቁጥሩን እንኳ አያይም ነበር፤ ለሦስት ቀን ያህል ተሸክሞ ለሐኪሙ ይመልሳል። እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ጣቱን ወግቶ ሳያረጋግጥ፣ በሴንሰር ቁጥር ብቻ ኢንሱሊን እንዲወስን ፈቀደ። ይህ ለእኔ ትልቅ ጸጋ ነው፤ በቀን ስምንት ጊዜ ጣቴን የምወጋበትን ዘመን አልናፍቅም። ግን አንድ ልማድ ወሰደብኝ፤ ስለ ሰውነቴ የማውቀውን ከቁጥሩ በፊት የመጠየቅን ልማድ።

ረቡዕ ከሰዓት ለአምራቹ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሴት ትሑት ነበረች። የሴንሰሩን መለያ ቁጥርና የምርት ዙሩን ጠየቀችኝ፤ መቼ እንደለጠፍኩት፣ የትኛው ክንዴ ላይ እንደሆነ፣ ተጭኜው ተኝቼ እንደሆነ ጠየቀች፤ ሰው ሲተኛበት ቁጥሩ በሐሰት እንደሚወርድ ከዚህ በፊት አውቃለሁ። ቀጥላ ቫይታሚን ሲ ወስደው ያውቃሉ ወይ አለች። ወስጄ እንደነበር፣ እንዳቆምኩም ነገርኳት።

«ጣትዎን ከመለካትዎ በፊት እጅዎን ታጥበዋል?»

«አዎ» አልኩ፤ ትንሽ ዘግይቼ። ለደብተሩ ቁጥሮች እውነት ነበር።

ምትክ እንደሚላክልኝና አሮጌውን በሚመጣው ፖስታ እንድመልሰው ነገረችኝ። ማታ ነቀልኩት። ቀጥ ብላ መግባት የነበረባት ክር ጫፏ ላይ እንደ ዓሣ መንጠቆ ታጥፋለች። ስትገባ ታጥፋ ይሁን ሳወጣት እኔ አጥፌአት መፍረድ አይቻልም፤ ከዚህ በፊት ደህና ይሠሩ የነበሩትንም ስነቅል ጎብጠው አይቻለሁ። «አገኘሁት!» ብዬ ለባለቤቴ ልጮህ ከአፌ የደረሰውን ቃል መለስኩት።

## ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ ሳጥን

እናቴ በመጋቢት ስትመለስ ሻንጣዋ ውስጥ አንድ ትንሽ ሳጥን ነበር። የአክስቴ ልጅ ድሬዳዋ ትኖራለች፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ እንደ እኔ ዓይነት 1 አለባት። ሴንሰር የሚደርሳት እንዲህ በሰው እጅ ነው፤ ሲበላሽባት የምትደውልበት የነጻ መስመር፣ በፖስታ የሚመጣ ምትክም የላትም። ሁለት ሴንሰር ልልክላት ወስኜ ነበር። ከዚያ እሁድ በኋላ ግን ሳጥኑን አራግፌ እንደገና አሸግሁት፤ አንድ ሴንሰር አውጥቼ በምትኩ ሦስት ፓኬት ስትሪፕ ጨመርኩ። ሴንሰሩ በሳጥኑ ላይ ከተጻፈው ሙቀት በላይ መቀመጥ የለበትምና፣ በድሬዳዋ ግንቦት ጠረጴዛ ላይ እንዳታስቀምጠው፣ ከታች በአማርኛ አንድ ወረቀት ጻፍኩላት። በወረቀቱ ላይ ስለ ሙቀቱ ሁለት መስመር፣ ስለ ቫይታሚን ሲ አንድ መስመር፣ ስለ ብርቱካኑ ግን ግማሽ ገጽ ወጣኝ።

ሳጥኑ በደረሳት ማግስት ደወለችልኝ። ወረቀቱን እያነበበች ስትስቅ ይሰማኛል።

«ጋሼ፣ ጥያቄ አለኝ» አለች። «ማንጎም እንዲሁ ያደርጋል?»

«ማንጎማ ይብሳል» አልኳት፤ «እሱ እስከ ክርን ድረስ ነው የሚወርደው።»